ኬጄ 23 ሲያልፍ የሚነሳው ጣት

ገጠሯ ወረዳችን ኩራጂን ውስጥ ሰው በመልኩ አይታወቅም። ፀሐዩ የመኪናውን የፊት መስታወት ስለሚያንጸባርቀው ከኋላው የተቀመጠው ሰው ይሳቅ ያልቅስ አይታይም። የሚታየው ታርጋው ነው። መኪና ከፊት ለፊት ሲመጣ ዓይናችን ወደ ፓራውልቱ ወረድ ይልና ቁጥሩን ያነባል፤ ከዚያ ከመሪው ላይ አንዲት ሌባ ጣት ትነሳለች። ሰላምታችን ይኼው ነው። እጅ ማውለብለብ የከተማ ሰው ነገር ነው። ሙሉ እጁን የሚያነሳ ሰው ካየን ወይ ነዳጅ አልቆበታል፣ ወይ ከፐርዝ ነው የመጣው።

እኔ የጋራዡ ባለቤት ሌስ ነኝ። በዚህ ወረዳ የተፈታና የታሰረ ታርጋ ሁሉ በእጄ አልፏል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስለዚህ ስለ ታርጋ ሳወራ ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም።

የከተማው ታርጋ ዝም ብሎ ተራ የሚጠብቅ ነው። ቁጥሩ ሞልቶ ሲያበቃ የመጨረሻዋ ፊደል አንድ ወደፊት ትራመዳለች፣ ቁጥሩም እንደገና ከታች ይጀምራል። ከእንዲህ ዓይነት ታርጋ የምታውቀው ነገር ቢኖር መኪናው በግምት መቼ እንደተመዘገበ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ አይነግርህም። የኛ ግን ሌላ ነው። ከፊት ያሉት ሁለት ፊደላት፣ ኬ እና ጄ፣ ወረዳችንን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ቤተሰብህ በስንተኛ ተራ መኪና እንዳስመዘገበ። ቁጥሩ የሰው ነው እንጂ የመኪና አይደለም። አሮጌው መኪና ሲሸጥ ቁጥሩ ይፈታና አዲሱ ላይ ይታሰራል፤ ሰውየው ሲሞት ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም ይተላለፋል። ወረዳውን ለቆ የሚሄድ ሰው ግን ታርጋውን ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቦ ነው የሚሄደው፣ እነሱም ለመጣው ሰው ይሰጡታል። እንግዲህ ከመቶ በታች የሆነ ቁጥር የያዘ ሰው ኩራጂን ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚነዳው። የኔ 212 ነው። አያቴ መኪና የገዛው ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቀድሞ ነበር፤ ግን የምዝገባው ዕለት መንገድ ላይ ያለ መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ ሲወጣ ሁለት መቶ ሰው ቀድሞታል። ቤተሰባችን ይኼን ነገር እስከዛሬ ይቅር አላለውም።

ሊጋያ ረንድል የያዘችው ቁጥር 23 ነበር። ሊጋያ ከፊሊፒንስ የመጣችው ክላይቭ ረንድልን አግብታ ነው። ክላይቭ ነፍሱን ይማረውና ከስንዴና ከበግ ሌላ የሚወደው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ሲነዳ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጣብቆ አፍንጫውን ወደ ፊት ቀስሮ ነው። ያ ሰው አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ባሕር ተሻግሮ ሚስት ይዞ መጣ ሲባል ከተማው ጉድ አለ። በነጩ ፒክአፕ ዋናውን መንገድ ይዘው ሲገቡ እኔ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፒክአፑ ላይ ኬጄ 23 ታስሯል፤ የአባቱ የሽማግሌው ረንድል ቁጥር። ያን ዕለት መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ ጣቱን አነሳ። እኔም እጄ ዘይት በዘይት ቢሆንም አነሳሁ።

ሊጋያ ነገሩ ገርሟት ባሏን ጠየቀችው።

"ሰዎቹ ምን ሆነው ነው ጣታቸውን የሚያነሱት?"

"ለቁጥሩ ነው" አላት ክላይቭ። "የአባቴን ቁጥር ሰላም እያሉ ነው።"

ቀልዱን ይሆናል። ክላይቭ ሲቀልድ ፊቱ ስለማይንቀሳቀስ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ማንም ለይቶ አያውቅም። እሷ ግን አምናው ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዓመታት በኋላ ለኔ ስታጫውተኝ እንኳ እንደ ቁም ነገር ነበር የነገረችኝ።

መንዳት የተማረችው እዚሁ ነው። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ትራስ ላይ ተቀምጣ ነው የምትነዳው፤ ያም ሆኖ ከመሪው በላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው። አንዴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች በኋላ ያ ፒክአፕ ቆሞ አያውቅም። የበግ ጸጉር ሸላቾች በመጡ ቁጥር ፓንሲት የሚሉትን የአገሯን ቀጭን ፓስታ በትልቅ ድስት ሠርታ ታደርስላቸዋለች። ዓይኗን ሞራ የጋረዳትን አሮጊቷን ሄስተርን በየሐሙሱ ትልቁ ከተማ ሐኪም ቤት ታመላልሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የልጃገረዶቹን ኔትቦል፣ ቅርጫት ኳስ የሚመስለውን ጨዋታ፣ ትዳኛለች። ፊሽካዋ የመኪናው መስታወት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። በዳኝነቷ ርኅራኄ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የኔን ልጅ አንድ ጨዋታ ላይ ሁለቴ አስወጥታት ማታ ለእራት ጠርታታለች። በሄደችበት መንገድ ሁሉ ጣት ይነሳላታል፣ እሷም ታነሳለች። ባነሳች ቁጥር ግን ለባሏና ለባሏ አባት የተላከ ሰላምታ እየተቀበለች ይመስላት ነበር።

ክላይቭ ካቻምና በጎቹን ሲያስገባ ልቡ ቀጥ አለና ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እርሻው ተከራየ፣ ሊጋያ ከተማ ውስጥ ካለችው ትንሽ ቤታቸው ገባች፣ ቁጥሩም ከሷ ጋር ቀረ።

ክላይቭ ታላቅ ወንድም አለው፣ መርቪን የሚባል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ስቆጣበት ክፉ እንዳይመስላችሁ። በጉብዝናው ጊዜ ወደ ሰሜን ማዕድን ሊቆፍር ሄዶ ነበር። አባትየው ታዲያ 23ን አብሮት ላረሰው ለታናሹ ሰጠ። መርቪን ሲመለስ የደረሰው 1906 ነው። የረንድል የበኩር ልጅ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት። ይኼ ነገር ሆዱ ውስጥ ሲብላላ ኖሯል።

አንድ ቀን ጠዋት ሊጋያና መርቪን ፒክአፖቻቸውን አከታትለው ጋራዤ መጡ። ሊጋያ ቀድማ ወረደች።

"ሌስ፣ ታርጋውን ፍታልኝ" አለችኝ።

"ምን ሆኖ? ገጨሽ እንዴ?"

"ኩያ መርቪን ይውሰደው።" ኩያ በአገሯ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ መርቪንን በሌላ ጠርታው አታውቅም።

መርቪን ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆሟል። "የአባቴ ቁጥር ነው" አለኝ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቀው። "ልጅ የላትም። ነገ ተነስታ ፐርዝ እህቷ ጋ ብትሄድ ወረዳው ወስዶ ለማናውቀው ሰው ይሰጠዋል። ከመሞቴ በፊት ትንሽ ልንዳበት ብዬ ነው።"

"በዚህ ዕድሜህ መንጃ ፈቃድህን መቀማት ሲገባን ጭራሽ ቁጥር እንጨምርልህ?"

"ተው ሌስ" አለች ሊጋያ። "እውነቱን ነው። ቁጥሩ የረንድሎች ነው፤ እኔ ጠባቂው ነበርኩ እንጂ። ኩያ፣ ይውሰዱት፣ ደስ ይበልዎት።"

ካቻቢቴዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ብሎኖቹ ዝገው እምቢ እንዲሉኝ በልቤ ለምኜ ነበር፤ ግን ራሴ ነኝ በየዓመቱ ዘይት የምቀባቸው፣ ወዲያው ተፈቱ። የመርቪን አሮጌ 1906 ለወረዳው ተመለሰና በሳምንቱ ለአዲሷ ነርስ ተሰጠ። ለሊጋያ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጣት 2764 ነው። ሳስርላት ፊሽካዋን በጣቷ እያሻሸች አየችና "ረጅም ነው" አለች። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ በሠራተኞቼ ላይ ስጮህ ዋልኩ።

በዚያ ሰሞን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ሊተክሉ የመጡ ሰዎች ወረዳውን ሞልተውት ነበር። ቁጥራቸው ሁሉ ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ በላይ ነው። አቧራ እያስነሱ ይበራሉ፣ የበረት በር ከፍተው አይዘጉም፣ እኛም አኩርፈን ጣታችንን ሳናነሳ እናልፋቸዋለን። ነጭ ፒክአፕ ደግሞ እዚህ የሌለው የለም። ስለዚህ 2764 ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው መሪውን ጨብጦ ዝም። እኔ መጠጥ ቤትም የዱቄት መደብሩም ሄጄ "2764 ሊጋያ ናት" ብዬ ተናግሬያለሁ። ሁሉም እሺ አለኝ። መንገድ ላይ ግን ዓይን የለመደውን ነው የሚያነበው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ነዳጅ ልትቀዳ መጣች። ፊቷ ጠውልጓል።

"ሌስ፣ ሰዎቹ ተቀይመውኛል እንዴ?"

"ማን ይቀየምሻል? ቁጥሩን ስላላወቁት ነው።"

"እሱን ነው የምልህ። የሚያውቁት ቁጥሩን ነበር።" የነዳጁን ቱቦ መልሳ ሰቀለች። "ክላይቭ የመጣሁ ዕለት ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ዓመቱ ሲረዝም ረሳሁትና የራሴ መሰለኝ። እንግዳ ሆኜ ይኼን ያህል መቆየቴም ብዙ ነው። እህቴ ፐርዝ ክፍል አዘጋጅታልኛለች።"

"ልትሄጂ ነው?"

"ዕቃ ማሰር ጀምሬያለሁ።"

አንጀቴን በላችው። የመኪናዋን የሞተር ቺንጋ ካላየሁ ብዬ ግግም አልኩ። ቺንጋው ምንም አልሆነም ነበር።

መርቪንስ? መርቪን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልቡ ቅቤ ጠጥቶ ከረመ። ዋናውን መንገድ ያለ ምክንያት ይመላለስበታል፣ ጣቱም ሁሉም ቦታ ይነሳለታል። ሊጋያ ዕቃ ስታስር በዘገየችበት ሐሙስ ግን በሄስተር ደጅ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አሮጊቷ መንገዱ መሐል ወጥታ ቆመች። የሄስተር ዓይን የሚያየው ትልልቅ ነገር ብቻ ነው፤ ከነሱም አንዱ 23 ነው። በሩን ከፍታ ገባችና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ዛሬ ዘገየሽ" አለች።

"ሄስተር፣ እኔ መርቪን ነኝ።"

"መርቪንም ብትሆን ንዳው፤ ቀጠሮዬ አለፈኝ።"

እምቢ ማለት አፍሮ ወሰዳት። ሐኪም ቤት ስትጨርስ ጠብቆ መለሳት፤ ቀኑ መሸበት። በማግስቱ በጠጠሩ መንገድ አንድ ገበሬ መኪናውን ጎኑ አቁሞ፣ ዓይኑን በጎቹ ላይ እንዳደረገ፣ "እንዳልሽኝ ልጄ ጋ ደወልኩላት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት፤ ሁለታችንም አለቀስን" ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል የመርቪንን ጺም አየ። ሁለቱም ስለ ዝናብ ጥቂት ተነጋግረው ተለያዩ። መርቪን ዳቦ ቤቱ ጋ ዳቦ ሊገዛ በወረደ ጊዜ ደግሞ ማን እንደጫነው የማይታወቅ አንድ ካርቶን ዱባ ከኋላ አገኘ። ኳስና መረብ የያዙ ልጃገረዶች ሳይጠይቁት ዘለው ተጫኑ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት የዱጋል ውሻ እንኳ ከመንገድ ተነስቶ ዘሎ ወጣና እንደ ባለቤት ተቀመጠ።

ውሻውን ሊመልስ መጠጥ ቤቱ ሲደርስ ዱጋል በር ላይ ጠበቀው።

"የሊጋያን ታርጋ ምን ብለህ ነው የያዝከው?"

"የሊጋያ? የአባቴ ቁጥር ነው እንጂ።"

"አባትህ ማን ነበር?"

ዱጋል ተንኮል አስቦ አልነበረም፤ ከመጣ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። መርቪን ግን ውሻውን አውርዶለት ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ሳልከፍት በር ላይ አገኘሁት።

"ካቻቢቴህን ያዝና ተከተለኝ" አለኝ።

"ወዴት?"

"አትጠይቀኝ። ሰው እንዲህ ሥራ ይበዛበታል? ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትተኛው?"

ሊጋያ ቤት ስንደርስ በረንዳው በካርቶን ተሞልቷል። እሷ አንዱን በፕላስተር እያሸገች ነበር። መርቪን ደረጃውን ሳይወጣ እታች ቆመ።

"ቁጥርሽን ውሰጂልኝ" አላት።

"ኩያ፣ ምን አጠፋሁ? የአባትዎ ነው እኮ።"

"የአባቴ ነበር። አሁን ብጠራው የሚያውቀው ሰው የለም። በዚህ ሳምንት መኪናዬ ውስጥ የገባ ሁሉ ያንቺን ስም እየጠራ ነው የገባው። ውሻው ሳይቀር።"

ሊጋያ ፕላስተሩን አስቀመጠች። "ሰላም የሚሉት እኮ ለቁጥሩ ነው። ክላይቭ ራሱ ነው የነገረኝ።"

"ምን ብሎ?"

"የመጣሁ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሰው ጣቱን ሲያነሳ፣ የአባቴን ቁጥር ሰላም እያሉ ነው አለኝ።"

መርቪን ሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቋረጠበት። ኮፍያውን አወለቀ።

"ወንድሜ ለማንም ጣቱን አንስቶ አያውቅም" አላት። "ሰውም ሰልችቶት ትቶት ነበር። 23 ሲመጣ ሁሉም ፊቱን ወደ ስንዴው ያዞር ነበር። አንቺን ይዞ የገባ ዕለት እኔ በግ ጭኜ ከኋላችሁ ነበርኩ። ያ ሁሉ ጣት ሲነሳ ሳይ ወንድሜን ምን አገኘው ብዬ ደነገጥኩ። ጣቱ የተነሳው ላንቺ ነው። በምን ታውቂ? አንቺ የሌለሽበትን 23 አይተሽው አታውቂም።"

ሊጋያ ወደኔ ዞረች። "እውነቱን ነው ሌስ?"

"እኔ በር ላይ ነበርኩ" አልኳት። "እጄ ዘይት ነበር። ለክላይቭ ብዬ እጄን ከምጠርግበት ጨርቅ ላይ አላነሳም ነበር። ለማየት የጓጓነው አንቺን ነው።"

አጠገቧ ያለው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ከውስጡ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ።

"ሳህኖቹ" አልኩ።

"ተዋቸው" አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ደግሞ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። "ያ ሰውዬ… ይኼን ሁሉ ዓመት። አንድ ቀን እንኳ ቀልዴን ነው አይለኝም?"

"ፊቱን አይተሽ ማወቅ ነበረብሽ" አላት መርቪን።

"ፊቱማ አይንቀሳቀስም ነበር።"

"አባታችንም እንደዚያው ነበር" አለና ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

ጎንበስ ብዬ 23ን ከመርቪን ፒክአፕ ፈትቼ የሊጋያው ላይ አሰርኩት፤ ብሎኖቹን ከሚገባው በላይ አጠበቅኳቸው። ለመርቪን የተረፈው 2764 ነው። ወረዳው ሌላ እንዲሰጠው ልጠይቅለት ብል መርቪን አልፈልግም አለ። ማንም አያውቀኝም፣ ማንም አያስቆመኝም፣ ዕረፍቴን አገኘሁ ይላል። ሊጋያ ያን ጠዋት ካርቶኖቹን በረንዳው ላይ ትታ ፊሽካዋን ይዛ ወደ ኔትቦል ሜዳ ሄደች። ሐሙስ ሄስተር መኪናው ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እያስቀመጠች፣ "ያ ባለፈው የነዳኝ ሹፌር የት ሄደ? ምንም አያወራም፣ ተመችቶኝ ነበር" ብላታለች።

አሁን በጨው ሐይቁ መንገድ 23 እና 2764 ሲገናኙ ቀድማ ጣቷን የምታነሳው ሊጋያ ናት። መርቪን የረንድል ልጅ አይደል፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጣብቆ አፍንጫውን ቀስሮ ነው የሚነዳው። ጣቱ ግን ትነሳለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ነዳጅ ስትቀዳ እየሳቅኩ ጠየቅኋት።

"2764ን ስታገኚ እንዲህ የምትቸኩይው ለመርቪን ነው?"

የነዳጁን ቱቦ መልሳ ሰቀለችና ፊቷ ላይ አንዲት ጡንቻ እንኳ ሳትንቀሳቀስ አየችኝ።

"ለቁጥሩ ነው" አለች።